ትንሿ ጣቴና የብራናው መስመር

ቁም ጸሐፊ ወንበርና ጠረጴዛ አያውቅም። አጎዛ ላይ ይቀመጣል፣ ግራ እግሩን ከሥሩ ያጥፋል፣ ቀኝ ጉልበቱን ያቆምና ብራናውን እሱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል። የቀለሙ ቀንድ አጠገቡ መሬት ላይ ተተክሏል። እንዲህ የተቀመጠ ሰው ከጧት እስከ ቀትር አይነሣም። ከሥር የታጠፈው እግር መጀመሪያ ይወረዋል፣ ቀጥሎ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል፣ በመጨረሻም የሌላ ሰው እግር ይሆናል። ሲነሡ ግድግዳ ይዞ ጥቂት ማነከስ ነው፤ ከዚያ ይለቃል።

ይህን ከሥሩ ጀምሬ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ያሳመመኝ ዓይን የማያየው ተሕዋስ ነው፤ ያዘገየኝ ግን ይህ አቀማመጥና በአቀማመጡ ላይ የነበረኝ ኩራት ነው። እንደኔ የሚኮራ ሌላ ሰው ቢኖር አንብቦ እንዲነቃ ብዬ ጻፍኩት።

ብራና መጻፍ የተማርኩት መርጡለ ማርያም አካባቢ ከየኔታ ዘንድ ነው። ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሽታው ነው፤ ውኃ ውስጥ የከረመ የፍየል ቆዳ፣ ጥላሸትና የተቆላ እህል ገብቶበት የሚብላላ ቀለም፣ ዝናብ የመታው የጎጆ ሣር። ስምንት ተማሪዎች ነበርን። የኔታ በአንዳችን ላይ እንኳ እጃቸውን አንሥተው አያውቁም፤ ምላሳቸው ግን ይበቃን ነበር። እግራችን ደንዝዞ ስንቁነጠነጥ ሲያዩን፣

«እግሩ ያልደነዘዘ ጸሐፊ ገና አልጻፈም!» ይሉናል።

እኛ ይህን እንደ ማዕረግ ያዝነው። ማታ ማታ ማን የበለጠ እንደደነዘዘ እንወዳደራለን። አንዱ የሌላውን ተረከዝ በእሾህ ይወጋል፤ ቀድሞ «እህ» ያለ ይሳቅበታል። አብዛኛውን ጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ።

ሌላም ያስተማሩን ነገር ነበር። ብራና ከመጻፉ በፊት በወስፌ ይሰመራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ቆዳው ላይ የሚቀር ቀጭን ቦይ ብቻ ነው። የኔታ ዓይናችንን አስጨፍነው ትንሿን ጣታችንን በዚያ ቦይ ላይ ያስሄዱን ነበር። ስንጽፍ ብርዑን የሚይዙት ሌሎቹ ጣቶች ናቸው፤ ትንሿ ጣት ብራናው ላይ ተጋድማ እጁን ትመራለች። «ዓይን ይደክማል፤ መስመሩን ለጣታችሁ አስረክቡ» ይሉን ነበር። ያን ዘመን ምንኛ ወደድኩት! እጄ ሙሉ ነበር፣ ጊዜውም ሙሉ ነበር።

ተመርቄ ጉንደ ወይን አጠገብ ጎጆ ወጣሁ። ውባለምን አገባሁ፤ ማኅሌት የምትባል አንዲት ልጅ ወለድን። ዓመታት አለፉና የኔታ ዓይናቸው በሞራ ተሸፈነ። አንድ ቀን አስጠርተው፣ «ኸመሞቴ በፊት አንተ የጻፍከውን ዳዊት ለደብራችን ልስጥ፤ ሌላ እጅ አልፈልግም» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ክብር ለአንድ ተማሪ የለም። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ እኔም አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ቆዳ መርጬ፣ ፍቄ፣ ሰምሬ ጀመርኩ።

ግራ እግሬ መደንዘዙን ሳይለቅ የሚያድርበት ጊዜ የመጣው ዳዊቱን ከመጀመሬ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ መንገድ ላይ ይቀራል፣ እኔ እሄዳለሁ፤ ሰው ከኋላ ጠርቶ ይሰጠኛል። እስቃለሁ። ታፋዬ ላይና ቀኝ ክንዴ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጥቶ ነበር። አያሳክክም፣ አያምም። የመድኃኒት መደብር ሄጄ ሳሳይ ሻጩ ከባንኮኒው ሳይወጣ «ጭርት ነው» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ሦስት ብልቃጥ ቀባሁ። ምልክቱ እንዲያውም ሰፋ።

የነቃችው ውባለም ናት። ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ የደረቀ ቀለም በውኃ ሳለዝብ ውባለም አፍንጫዋን አነሣች።

«የምን ሽታ ነው? ቆዳ የሚቃጠል ይሸታል» አለች።

«ብራናው!» ብዬ ተፈናጥሬ ተነሣሁ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጽሑፍ ሁሉ አገላብጬ አየሁ። ምንም የለም። የተወጠረውን ቆዳ አየሁ። ደህና ነው። ዞር ስል ውባለም መሬት ተንበርክካ እግሬን ይዛለች፤ ከተረከዜ ጎን ፍም ተጣብቋል። በጣቷ ስትፈነቅለው እሷ «ወይኔ!» አለች፤ እኔ አላልኩም።

ቀና ብላ አየችኝ። «አላመመህም?»

«ሥራ ያደነደነው እግር ነው» አልኳት። እንዲህ ስል ትንሽ እንደ መኩራራት ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ!

ቁስሉ አልድን ሲል የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሽንቴንና ደሜን መርምረው ስኳር የለህም አሉኝ። «ሪህ ነው» ተባለና መርፌ ተወጋሁ። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ «የወገብ ነርቭ ተጭኖ ነው» አለ። ወጌሻ ዘንድም ሄጄ ነበር፤ እሱስ እግሬን ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ጸበል ተጠምቄአለሁ፤ ጸበሉን አላማም፣ ልቤን አረጋግቶልኛል። ያጠመቁኝ ካህን «ሐኪም ቤቱንም አትተው፣ እሱም የእግዚአብሔር ነው» ብለውኝ ነበር፤ ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ተውኩት። ከሁሉም የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ያየኝ ሁሉ ወዲያው አወቀው። ‹ቆይ እስቲ እንየው› ያለኝ አልነበረም።

ከዚያ ትንሿ ጣቴ መጣች። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ወደ ውስጥ እየታጠፉ መጡ። ብርዑ ይንሸራተታል። መስመር ላይ ያለሁ ይመስለኛል፣ ሳየው ወጥቻለሁ። ስለዚህ በጣቴ መሄዱን ትቼ በዓይኔ ማስመርና በዓይኔ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ገጽ የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ሆነ። ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊት ነቅቼ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየጨበጥኩ ‹ዛሬ ደህና ናት፣ ነገ ትዘረጋለች› እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። እኔ ያለዚያች እጅ ምንም አይደለሁም፤ ማሳ የለኝ፣ ንግድ አላውቅ።

የደረሰውን ጥራዝ ለየኔታ ይዤ የሄድኩ ቀን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ስለማያይ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ይዳስሳሉ። የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ሲዳስሱ ፈገግ አሉ። የመጨረሻዎቹ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼን ማን አሰመረው?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«አንተስ ዓይዶለህም። ያንተን እጅ አውቃለሁ። ይኼ ሰካራም የሄደበት መንገድ ነው።»

ብራናውን ልሰበስብ እጄን ሰደድኩ።

«እስቲ እጅህን አምጣ» አሉ። ሰጠኋቸው። ጣቶቼን እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ትንሿ ጋ ሲደርሱ ሊዘረጓት ሞከሩ፣ እምቢ አለች። «ይቺስ ለምን ታጠፈች?»

«ብርድ ነው የኔታ።»

«ብርድ አንዲት ጣት መርጦ ይይዛል? ሂድ፣ ማርቆስ ሂድ። ዳዊቱ ይቆየኝ። እጅህ ኸሄደ ግን ዳዊቱም አይመጣም።»

በማግሥቱ በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ተመላላሽ ሕክምና፣ ከዚያ ወደ ግቢው ጥግ ላኩኝ። እዚያ አንዲት ለብቻዋ የቆመች ክፍል አለች፤ ደጃፏ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር። የተቀመጡት ሰዎች ፊታቸውን ወደ መንገዱ አያዞሩም። አጠገቤ የነበረው ሽማግሌ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ዘርግቶልኝ ነበር። ጣቶቹ አጫጭርና እጥፍጥፍ ነበሩ። «ጠግቤያለሁ» አልኩት፤ ከጧት ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ። ገባውና መልሶ ከተተው።

ውስጥ ያለችው ነርስ ልጅ እግር ናት። ሲስተር ነበር የምንላት። እንደሌሎቹ ወዲያው አልተናገረችም። ክርኔን ከኋላ ይዛ አንድ ነገር እያንከባለለች ዳበሰች፤ በኋላ እንደነገረችኝ እዚያ የሚያልፈው ነርቭ እንደ ገመድ አብጦ ነበር። ከዚያ ከጥጥ ላይ ቀጭን ክር መዘዘች።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። በዚህ ስነካዎት፣ የነካሁትን ቦታ በሌላው እጅዎ ያሳዩኝ።»

ደስ አለኝ። የየኔታ ጨዋታ መስሎኝ! ዓይኔን ጨፈንኩ። መጠበቅ ጀመርኩ። ከደጅ ሰው ሲያስል ይሰማኛል፣ ቆርቆሮው ላይ እርግብ ስትራመድ ይሰማኛል። ጠበቅሁ።

«ሲስተር፣ አይጀምሩም እንዴ?»

«ጨርሻለሁ እኮ ጋሼ።»

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ አሁንም እግሬ ላይ ነበር።

ዶክተሩ መጥቶ አየኝና ስሙን ነገረኝ፤ ሥጋ ደዌ። በሀገራችን ቋንቋ ምን ተብሎ እንደሚሰደብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልጽፈውም። የመጀመሪያው ሐሳቤ ስለ ራሴ እንኳ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ‹ከዘር የሚመጣ ነው› ስለሚባል ማኅሌትን ማን ያገባታል አልኩ። ሁለተኛው ሐሳቤ ዳዊቱ ነበር፤ በዚህ እጅ የተጻፈውን ቤተ መቅደስ ያስገቡታል?

ዶክተሩ የምሠራውን ጠየቀኝና በሙያዬ አስረዳኝ። «መጽሐፍ ጽፈህ ስትጨርስ ምን ታለብሰዋለህ?» አለኝ።

«በቆዳ እለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ማኅደር ውስጥ ይገባል።»

«ነርቭም ማኅደር አለው። ክሩን የሚጠቀልሉ፣ የሚመግቡ፣ የሚጠግኑ ሕዋሳት አሉ። ይህ ተሕዋስ ከሰውነት ሁሉ መርጦ እዚያ ማኅደር ውስጥ ነው የሚገባው። ብል ቆዳውን ከበላው ጽሑፉም አይተርፍም። ከዘር አይደለም። መድኃኒቱን ከጀመርክ ደግሞ ወዲያው ማስተላለፍ ታቆማለህ።»

«እጄስ?»

«እግሩ ቆይቷል፣ አልዋሽህም። እጁ ግን ወራት ቢሆነው ነው። እብጠቱን የሚቀንስ መድኃኒት እንሰጥሃለን። ሊመለስ ይችላል። ቃል ግን አልገባልህም።»

ከዚያ ሁሉ አዋቂ በኋላ ይህ «ቃል አልገባልህም» የሚል ሰው ተስፋ ሰጠኝ። ስወጣ ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ነበር። ፊቴን አይቶ ቆሎውን እንደገና ዘረጋልኝ። ወሰድኩ። አፌ ደርቆ ነበርና ብዙ አኘክሁት።

መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ አሥራ ሁለት ወር ይዋጣል። በየወሩ የመጀመሪያውን ሲስተር ፊት እውጣለሁ፣ የቀረውን በካርቶኑ ይዤ እመለሳለሁ። ቅርባችን ጤና ጣቢያ መውሰድ እችል ነበር፤ ሰው እንዳያየኝ ብዬ በየወሩ ማርቆስ ድረስ ተመላለስኩ። ለውባለም «የነርቭ ቫይታሚን ነው» አልኳት። ቤተሰቤ ሁሉ መታየት እንዳለበት ሲስተር ደጋግማ ነግራኛለች፤ «በሚቀጥለው ወር» እያልኩ አሳልፍ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ለሌላው ስናገር ኖሬ ለራሴ ሲሆን ረሳሁት።

ሆኖም ቀለም የሚደበቅ ነገር አይደለም። የመጀመሪያውን ክኒን የዋጥኩ ቀን ሽንቴ ቀላ። ቁም ጸሐፊ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ በሕይወቴ ያጠቀስኩት ቀይ ቀለም ሁሉ ሊወጣ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሲስተር ቀድማ ነግራኝ ነበር፣ ግን መስማትና ማየት ይለያያል። በሦስተኛው ወር ቆዳዬ ጠቆረ፤ ይህም ከመድኃኒቱ ነው። ውባለም አየች፣ የብርዕ መያዣዬን ፈትሻ ካርቶኑን አገኘች። ማንበብ የምትችለው ማኅሌት ናት፤ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ወደ ቤት ስገባ ሁለቱም መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ ካርቶኑ በመካከላቸው።

«ኸእኔ ደበቅኸው» አለች ውባለም። ድምፅዋን አላነሣችም። «ሦስት ወር ሙሉ። ምን አድርገህ አይተኸኝ ነው?»

በማግሥቱ ልጅቷን ይዛ ቁይ ከተማ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሁለት ሳምንት ብቻዬን ቆየሁ። ለብቻ ሳህን አወጣሁ፣ ለብቻ ብርጭቆ። ማንም ሳያዘኝ ራሴን ከራሴ ማዕድ ለየሁ። በሕመሜ ሁሉ ከዚያ ሁለት ሳምንት የከፋ ጊዜ አላሳለፍኩም።

የተመለሰችው ቅዳሜ ከገበያ ሰዎች ጋር ነው። ነጠላዋን ሰቅላ፣ ሳህኔን አየችና አነሣችው። ምግቡን ትሪ ላይ ገልብጣ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ልጅቷንም እኔንም ማርቆስ አስመረመርኩ። ንጹሕ ነን። ያቺ ሲስተር ሁሉንም ነገረችኝ። ወንድሜ ‹ፍችው› ብሎኝ ነበር፤ ‹በሽታ ዓይዶል ያስቆጣኝ፣ ውሸቱ ነው› አልኩት። ይኼን ሳህን ማን ለየው?»

«እኔ።»

«ሐኪሙ ያላለውን አንተ ኸየት አመጣኸው?» ብላ እጇን ሰደደች። አብረን በላን። እኔ እያለቀስኩ ስለነበር ምን እንደበላን አላስታውስም፤ እሷ ግን ሽሮ ነበር ትላለች፣ ጨውም የበዛበት።

እብጠት የሚቀንሰው ክኒን ሆድ ባዶ ሲሆን ያቃጥላል፤ ከምግብ ጋር ካልሆነ አይዋጥም። ዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባቴ ራሳቸው የኔታ ናቸውና ሄጄ የበሽታውን ስም ሳልጠራ «የነርቭ መድኃኒት ጧት በምግብ እውጣለሁ፣ ምን ይሻላል?» አልኳቸው። «ቁርስህን ብላና ኸምላስህ ጹም፤ አንተን የሚጎዳህ እሱ ነው» አሉኝ። ፊቴ በክኒኑ አብጦ ወፍሬ ነበርና ሰው ሁሉ በጾም እንዴት እንደሚያምርብኝ እያደነቀ ያልፍ ነበር።

በየሌሊቱ ክንዴን እሳት ይልሰው ጀመር። ከትከሻዬ እስከ ትንሿ ጣቴ ይጠዘጥዘኛል። ለዚህ ደግሞ ዶክተሩ ማታ የሚዋጥ ትንሽ ክኒን ጻፈልኝ። ፋርማሲ ውስጥ ያለው ሰው «የሐዘንና የጭንቀት መድኃኒት ነው» ሲለኝ ተናድጄ ወደ ዶክተሩ ተመለስኩ። «አሁን ደግሞ አበድክ ልትሉኝ ነው?» አልኩት። ዶክተሩ ሳቀና ይህ መድኃኒት የነርቭ ሕመም ወደ አንጎል ሲሄድ መንገዱ ላይ ድምፁን ይቀንሳል አለኝ። ዋጥኩት። እንቅልፌ ተመለሰ።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያስረዳችኝም ያቺው ካርቶኑን ያነበበችው ማኅሌት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናውን ሲጠይቋት «የአባቴን ማኅደር» ትላለች። ለፋሲካ መጥታ ተረከዜን እየቀባች ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እግሬን በየማታው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ቁስል እንዳለ ፈልጋ የምትቀባው እሷ ናት።

«አባዬ፣ ያ ክኒን የሚሠራበት አንድ መልእክተኛ አለ፤ ሴሮቶኒን ይባላል። ሰው ስለ ሐዘንና ደስታ ሲያወራ ነው የሚያነሣው። ግን ነርቭን በሚጠቀልሉት ሕዋሳት ላይም እሱን የሚቀበሉ በሮች አሉ።»

«ማኅደሩ ላይ በር አለ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«በር ካለ የሚያንኳኳም የሚከፍትም አለ ማለት ነው። ምን ይነጋገራሉ?»

ቅባቱን በመዳፏ እያሸች አሰበች። «ሙሉ በሙሉ አናውቅም። ሕመም ላይ ድርሻ ይኖራቸው ይሆናል፣ ጥገና ላይም ይኖራቸው ይሆናል። እየተጠና ነው።»

«እኔ ያንን ክኒን ስውጥ እነዚያ በሮች ሰምተው ይሆን?»

«እንጃ አባዬ። አልዋሽዎትም።»

እንደዚያ ዶክተር መለሰችልኝ። ልቤ ሞላ። እኔ ማኅደሩ እንዲሁ መጠቅለያ ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ለካስ ዳር የተቀመጠውም ይሰማል፤ የሚለውን ገና ባናውቅም።

ወደ ጣቴ ልመለስ። ሲስተር በየወሩ በጥጧ ትፈትነኛለች፤ እኔ ደግሞ ቤቴ የራሴ ፈተና ነበረኝ። አንድ የተሰመረ ባዶ ብራና ትራሴ ሥር አስቀምጬ ጧት ከጸሎት በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ትንሿን ጣቴን አስሄድባታለሁ። መጋቢት ምንም። ሚያዝያ ምንም። ግንቦት ላይ ጣቷ ትንሽ ተፍታታ፣ ስሜት ግን የለም። ክረምቱ ገባ። አንድ ጧት እንደ ልማዴ ሳስሄዳት ቆዳው መሐል አንድ ነገር ያዛት። የተሳሳትኩ መስሎኝ መልሼ አስሄድኳት። ያዛት። ከዚያ በታችም አንድ አለ፣ ከዚያ በታችም።

«ውባለም!» ብዬ ጮህኩ። ምድጃ ዘንድ ነበረች፣ አመድ የነካው እጇን ይዛ ሮጠች። እንደገና እግሬን ያቃጠልኩ መስሏት ነው።

«መስመሩ! መስመሩ አለ!»

ምን እንደምል ሲገባት መሬት ላይ ተቀመጠች። «ዓይንህን ከፍተህ እንዳታየው፣ እስቲ ቁጠረው» አለችኝ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ቆጠርኩ። ስንት እንደሆነ እሷ ከጎን እየቆጠረች ነበር። አንድ ብቻ ሳትኩ።

ዳዊቱን በቀጣዩ ዓመት ጨረስኩ። አዲሱ ጽሑፍ እንደ ድሮው ፈጣን አልነበረም፤ ግን ቀጥ ያለ ነው። መሐል ላይ ያሉትን ጠማማ ቅጠሎች ነቅዬ እንደገና ልጽፋቸው አስቤ ለየኔታ ለማስፈቀድ ሄድኩ። የዚያን ቀን እውነቱን ልነግራቸው ወስኜ ነበር። የበሽታውን ስም ሳልነግር መጽሐፉን ባስረክብ ልቤ አያርፍም።

ዳሰሱት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቸኩሉ። ጠማማዎቹ ጋ ሲደርሱ «እነዚህን ልለውጣቸው» አልኩ።

«ተዋቸው። የሚደግመው ሰው እዚህ ሲደርስ ዝግ ይላል፣ ዝግ ማለት ለዳዊት ጥሩ ነው።»

«የኔታ፣ የያዘኝ ሥጋ ደዌ ነበር። መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። በሽታው እጄ ላይ እያለ ነው የጻፍኩት። መጽሐፉን አልቀበልም ካሉም…»

ጣታቸው ብራናው ላይ እንዳለ ቀረ። «ብራናው ራሱ የፍየል በድን ነው» አሉ፤ «ቤተ መቅደስ የገባው ቃሉ ስላለበት ነው። አንተስ? እግርህ ደህና ነው?»

«እግሬ አልተመለሰም። ዘግይቻለሁ። ሲደነዝዝ ጊዜ የጽሕፈት ነው አልኩ። ‹እግሩ ያልደነዘዘ ጸሐፊ ገና አልጻፈም› ብለውን የለም? የእርስዎም እግር እንዲህ የደነዘዘ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ስል ድንገት ፈራሁላቸው። ስንት ዓመት እንዲያ ተቀምጠው ጽፈዋል፤ ዓይናቸው አያይ፣ ቁስል ቢኖር ማን ይነግራቸዋል? ሲስተር የሰጠችኝ ጥጥ ኪሴ ውስጥ ነበር። ክር መዘዝኩ። ጉልበታቸው አጠገብ ተንበርክኬ ጫማቸውን አወለቅሁ፣ የግራ ውስጥ እግራቸውን በጥጡ ዳር ነካ አደረግሁት።

የኔታ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው እንደ ሕፃን ሳቁ። «ተው! ይኰረኩረኛል!»

እንደገና ነካሁ። እንደገና ሳቁ። እያንዳንዷ ክር ትሰማቸዋለች።

«የኔታ፣ እርስዎ አልደነዘዘዎትም?»

«ምን ያደነዝዘኛል? ሲወረኝ ተነሥቼ እንጎራደዳለሁ።»

«ታዲያ ያንን ለምን አሉን?»

«እንድትቀመጡልኝ ነበራ! ስምንት ልጅ፣ እንደ ጦጣ የማያርፍ…» ብለው ሳቁን ሊቀጥሉ ሲሉ ተቋረጠ። ፊታቸው ተለወጠ። የማያየው ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው እግሬን ፈለጉ፣ ተረከዜ ላይ ያለውን የፍም ጠባሳ አገኙት፣ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይኼ ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም የኔታ።»

«እኔ ነኝ እንግዲህ» አሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ‹አይደሉም› ልላቸው ፈለግሁ። ተሕዋሱ ነው፣ እኔ ነኝ፣ ባንኮኒው ጋ ያለው ሻጭ ነው። የቀኝ እጄን አምጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ትንሿን ጣቴን ይዘው ዘረጓት፤ ተዘረጋች። መንበርከኬን አልተውኩም፣ እሳቸውም አልለቀቁኝም፤ የታጠፈው ግራ እግሬ ከሥሬ የት እንዳለ ሳላውቅ።

የኔታ ካረፉ ቆይቷል። ዳዊታቸው ደብሩ ውስጥ አለ። እኔም አሁን አምስት ተማሪዎች አሉኝ፤ አጎዛ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያቆማሉ። አንዱ መቁነጥነጥ ሲጀምር ብርዔን አስቀምጬ «ተነሥ፣ ደጅ ወጥተህ ዙር» እለዋለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደረደራሉ። በጥጥ እነካቸዋለሁ። አንዱ ሲስቅ ሌላው ይስቃል፣ ቤቱ ይናጋል፤ እኔም አምስቱም እስኪስቁ ድረስ ወደ ብራናዬ አልመለስም።